ፕላስተሩ ያልተነሣለት ሸራ

ባለቤቴ ሐኪም ቤት የገባ ቀን በማቆሚያው ላይ ትቶት የሄደው ሸራ፣ የወረቀት ፕላስተሩ እንደተለጠፈበት ከዓመት በላይ ቆየ። ወርዱ ከበር ትንሽ የሚጠብ፣ ቁመቱ ደረቴ ድረስ የሚመጣ ሸራ ነው። ገሚሱ በፕላስተር ተሸፍኗል፤ በፕላስተሩም ላይ ቀለም አልፎበታል። ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው የሚያየው ሰማያዊና ግራጫ የተነካካ ነገር ብቻ ነበር። ሥዕሉ ከሥር ነው ያለው።

እንዲህ የሆነው በአሠራሩ ምክንያት ነው። ባለቤቴ የዕቃ ሥዕል ነበር የሚሠራው፤ ሌሎቹ «ስቲል ላይፍ» ይሉታል። ጠረጴዛ ላይ ጥቂት ዕቃ ይደረድርና እያንዳንዱን ወደ ጂኦሜትሪ ይመልሰዋል። ሣጥኑ ሦስት ጠፍጣፋ ፊት ብቻ ይሆናል፤ ጠርሙሱ አንድ ሦስት ማዕዘንና አንድ ዘንግ። ጥላው ደግሞ ከዕቃው እኩል ክብደት ያለው ሌላ ቅርጽ ነው። አንዱ ቀለም ከሌላው የሚለይበት ጠርዝ ንጹሕ መሆን አለበት። ለዚህ ፕላስተር ይለጥፋል፣ ቀለሙን በፕላስተሩ ጠርዝ ላይ አሳልፎ ይቀባል፣ ከዚያ ሳይደርቅ ያነሣዋል። ሳይደርቅ ማንሣቱ ሕግ ነው። ከደረቀ በፕላስተሩ ላይ ያለውና በሸራው ላይ ያለው ቀለም አንድ ቆዳ ይሆናሉ።

የዚያን ቀን እየቀባ ሳለ ብሩሹን አስቀምጦ «ኮቴን አቀብይኝ» አለኝ። አብረን ወጣን፤ ብቻዬን ተመለስኩ። ክፍሉን ቆለፍኩት።

ዘንድሮ የአንድ ኤግዚቢሽን አዳራሽ ኃላፊ መጣች። ወጣት ናት፤ ፈጣን፣ ጨዋ። የባለቤቴን ሥራዎች ማሳየት ፈልጋለች። ቤቱን ዞራ መርጣ መርጣ የተቆለፈው በር ላይ ደረሰች። ከፈትኩላት።

«ያለዚህ አዳራሹ ጎዶሎ ነው» አለች። «ፕላስተሩ እንዳለ ብንሰቅለውስ?»

«ያላለቀ ሥራ ሰው ፊት አያወጣም ነበር» አልኳት። «ይነሣና ይታያል። ካልተነሣ አይታይም።»

ነገሩ ይኸው ነበር። ፕላስተሩ በደህና ከተነሣ የመጨረሻ ሥዕሉ ይኖረናል። ካልተነሣ የለም።

የሚያነሣው ሰው ማን እንደሆነ አላጠያየቀም። ባለቤቴ ከተማሪነቱ ጀምሮ የማይለየው ጓደኛ ነበረው፤ ያለ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ስለሚያሰምር ስሙ «ማስመሪያ» ሆኖ የቀረ ሰዓሊ። አንድ መምህር ነው ያስተማራቸው፤ ፕላስተሩንም ቀለሙንም እኩል ነው የለመዱት። ደወልኩለት። «እኔ አለሁ» አለ።

ስለ ባለቤቴ ማስመሪያ የማያውቀው አንድ ነገር ነበር።

ባለቤቴ መጨረሻ ላይ ለጥቂት ሳምንት ታሞ እንደሞተ ነው ሁሉም የሚያውቀው። ሕመሙ ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነበር የጀመረው። መድኃኒቱን ሲጀምር የዘይት ቀለምና የማቅጠኛው የተርፔንታይን ሽታ ያስመልሰው ጀመር። ስለዚህ በውኃ ወደሚሟሟው ወደ አክሪሊክ ዞረ። ይህ ለሌላ ሰው ተራ ነገር ነው፤ ለእነሱ ግን አልነበረም። ማስመሪያ በአንድ ወቅት እኛው ቤት ራት ላይ ስለ አንድ ወጣት ሰዓሊ ሲያወራ «አክሪሊክማ የኩሽና ግድግዳ ነው» ብሎ ባለቤቴን እስኪያስለው አስቆት ነበር። ቀለሙ ከተለወጠ በኋላ ባለቤቴ ቱቦዎቹን ከአንሶላ መሳቢያ ሥር ይደብቃቸው ነበር። ማስመሪያ ሊመጣ ሲል የተርፔንታይን ጠርሙስ ከፍቶ ክፍሉ መሐል ያቆምና ራሱ መስኮት ሥር ይቀመጣል። ጓደኛው ከወጣ በኋላ የሚሆነውን እኔ ነኝ የማውቀው።

«ለሱም ለእናቴም አንዲት ቃል እንዳይወጣሽ» ብሎኝ ነበር። አልወጣኝም።

ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ የመጡት እናቱ ናቸው። «የልጄን ሥዕል ሲፈቱት ቆሜ አያለሁ» ብለው ከትናንት ጀምሮ ሲናገሩ ነበር። ወንበር አምጥቼላቸው ከማቆሚያው ፊት ተቀመጡ። እማማ በልጃቸው ሥራ ሲያሾፉ ነው የኖሩት። «ዕድሜውን ጠርሙስ ሲስል ፈጀ፤ አንድም ቀን ክዳን አልሳለለት» ይሉ ነበር።

ጠርሙሶቹን ያመጣሁለት እኔ ነኝ። የምሠራው የውኃ ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ የተሰነጠቀ ብርጭቆ እዚያ አይቀመጥም፣ ይጣላል። «ከምትጥሉት ለኔ» አለኝ። ፍላስክ፣ አፉ ሰፊ ቢከር፣ አናቱ የተሸረፈ ረጅም ሲሊንደር አመጣሁለት። አንድ ቀን ፍላስኩን ሲስል፣ «ታቹ ሰፍቶ አንገቱ የጠበበው ሲነቀነቅ እንዳይፈስ ነው» አልኩት። «ቅርጽ ለሥራ ነው።»

«ይሄ እኮ ሥራ ፈቷል» አለኝ። «ሥራ ሲፈታ የሚቀረውን ነው የምስለው።»

ከዚያ በኋላ በዚህ ጉዳይ አልተከራከርንም። ሥዕሎቹ ላይ ብርጭቆ ብርጭቆ አይመስልም፤ አያበራም፣ አያሳልፍም። ሲሊንደሩ አንድ ቀጥ ያለ ሰማያዊ ነው። ግን ከሣጥኑ ምን ያህል እንደራቀ፣ ትንሽ ቢጠጋ ምን እንደሚበላሽ፣ ቆሞ ያየ ሰው ያውቀዋል።

ማስመሪያ ቦርሳውን አንግቶ ገባ። ረጅም ነው፤ አሁን ጎብጧል።

«መጣህ?» አሉት እማማ። «መስመርህ ሳይጠምም ወገብህ ጠመመ?»

«መስመሩን ሳቀና ነው እኮ የጠመምኩት፣ እማማ።» ጎንበስ ብሎ ሳማቸው። ወደ እኔ ዞሮ «እህቴ» አለኝና ወዲያው ዓይኑን ወደ ሸራው መለሰ።

መነጽሩን ለውጦ ፕላስተሩን በጥፍሩ ጫፍ እያንኳኳ ከላይ እስከ ታች ሄደበት። «ተጋግሯል» አለ። «የዛሬ ዓመት ብትጠሪኝ ምን ነበረበት?»

እማማ ቀደሙኝ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።»

«ሁለቱም ተገኝተናል፣ እማማ። ወረቀቱ ይኸው፣ ሞኙ ደግሞ እኔ።» ከቦርሳው የፀጉር ማድረቂያ አወጣ። «የሚስቴ ነው። ፀጉሯ እንደረጠበ ትቻት መጣሁ፤ ማታ የሚጠብቀኝን እናንተ አታውቁም።»

«ምን ልታደርግበት ነው?» አልኩት።

«ሙጫውን ላላላበት ነዋ። ቀስ አድርጌ አሞቀዋለሁ፣ ይለቃል። ቀለሙን አትፍሪለት። ዘይት ይህን ያህል ከቆየ ድንጋይ ነው።»

መሰኪያውን ሰካ። ማድረቂያው ማጓራት ጀመረ። አክሪሊክ ሲሞቅ እንደሚለሰልስ ለማወቅ ላቦራቶሪ መሥራት አያስፈልግም። አፌ ላይ ያለው ሁለት ቃል ነበር። እማማን አየኋቸው፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው ሸራውን ያያሉ። ምናልባት ሙቀቱ አይበዛ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ምናልባት አንዱን ቁራጭ ሞክሮ ይተወው ይሆናል። ይህን ሳስብ እሱ የሲሊንደሩን ግራ ጠርዝ አሙቆ ጨርሶ፣ የፕላስተሩን ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ ሳበ።

ፕላስተሩ ተነሣ። ከፕላስተሩ ጋር ግን ጣት የምታህል ሰማያዊ ቀለም ተልጣ፣ እንደ ወተት ስልባቦት ተንጠለጠለች።

«ተው!» አልኩት። «ዘይት አይደለም።»

እጁን አላንቀሳቀሰም። የተላጠችውን በጣቱ ነካት፤ ትንሽ ሳባት። ተለጠጠች።

«ይሄ ላስቲክ ነው» አለ።

«አክሪሊክ ነው።»

«ማን ቀባበት?»

«እሱ።»

«እሱ አክሪሊክ አይነካም።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ አልነካም።»

ማድረቂያው በሌላ እጁ እንደተንጠለጠለ ወለሉን ያሞቃል። ሄጄ ነቀልኩት። ክፍሉ ጸጥ ሲል የራሴ ድምፅ ከሚገባው በላይ ተሰማ። «የዘይቱ ሽታ አልስማማው ብሎ ነው። መድኃኒት ላይ ነበር። ሕመሙ የዚያን ሰሞን የመጣ አይደለም፤ ቆይቶበታል።»

«እኔ ስመጣ ይሄ ቤት ተርፔንታይን ተርፔንታይን ይል ነበር!»

«ላንተ ሲል ነው የሚከፍተው።»

ሳቅ አመለጠው፤ አጭር ሳቅ። ከዚያ የቀለም ሣጥኑ ላይ ተቀመጠና መነጽሩን አወለቀ። «የኩሽና ግድግዳ ብዬ» አለ። አልጨረሰውም።

«ስፖርት ጀመርኩ ነው ያለኝ» አሉ እማማ።

ሁለታችንም ዞርን።

«ምነው ከሳህ ስለው፣ ስፖርት ጀመርኩ አለኝ። ጎሽ አልኩ። ሄጄ ጫማ ገዛሁለት፤ ነጭ ጫማ። እሱን አድርጎ ይመጣልኝ ነበር። ላብ የሚባል የለውም፤ ጎበዝ ሆኖ መስሎኝ።» ወደ እኔ ቀና አሉ። «አንቺም ቆመሽ ታይኛለሽ።»

«ቃል አስገብቶኝ ነው፣ እማማ።»

«ሆድ ይፍጀው ብለሽ ያዝሽው።»

«አዎ።»

«እኮ የማንን ሆድ?»

ከመሳቢያ ምላጭ አመጣሁና ለማስመሪያ ሰጠሁት።

«ሙቀት ይቅር» አልኩት። «በፕላስተሩ ላይና በሸራው ላይ ያለው አንድ ቆዳ ሆኗል። ጠርዙን ተከትለህ ቀለሙን ብቻ ብትቆርጠው ይለያያሉ። እኔ ከኋላህ ቀስ እያልኩ አነሣዋለሁ።»

ምላጩን ተቀብሎ ሸራውን አየ። «ሸራው ላይ ማስመሪያ ብጭን ቀለሙ ይታተምበታል።»

«ለዚህ ነው አንተን የጠራሁህ።»

አሁንም አልተነሣም። እጁን ዘርግቶ ያየዋል። እማማ ከወንበራቸው ሆነው «ምን ትጠብቃለህ?» አሉት። «እሱ እንደሆነ አይመጣም።»

ተነሣ።

ከሣጥኑ ጀመርን፤ ሣጥኑ ረጃጅም ጠርዝ ስላለው ይቀላል ብሎ። ምላጩን ሳይጫን፣ ትንፋሹን ይዞ ከላይ ወደ ታች ያወርዳል። እኔ የፕላስተሩን ጫፍ ወደ ራሱ አጥፌ፣ ከሸራው ሳላርቅ እስበዋለሁ። የመጀመሪያው ቁራጭ ብቻውን መጣ። ከሥሩ የተከፈተው ሞቅ ያለ ግራጫ ነበር፤ ያንን ቀለም ሲበጠብጠው አላየሁም። ሁለተኛው መጣ። የሣጥኑ አንድ ፊት ቆመ። እማማ የወደቀውን ፕላስተር ከወለል እያነሡ በጣታቸው ማድቦልቦል ጀመሩ። ማንም አላዘዛቸውም።

የፍላስኩ ትከሻ ጋ ስንደርስ ማስመሪያ ቆመ። አጎንብሶ በጣም ቀረበ።

«እዚህ ጋ ቀጥ አይልም» አለ።

«እንዴት?»

«ፕላስተሩ ራሱ። ሲለጠፍ ነው የተወላገደው። የፀጉር ያህል ይሄዳል፣ ይመለሳል። እይ፣ እንደገና ይሄዳል።» በጣቱ ሳይነካ አሳየኝ። «እሱ እንዲህ አይለጥፍም ነበር። በተማሪ ቤት የኔን እያወለቀ ነበር የሚለጥፈው።»

አየሁት። ለሌላ ሰው የማይታይ ነው። ጠርዙ ከላይ እስከ ታች የእጁን መንቀጥቀጥ ይዞ ወርዷል። ያን ጊዜ በር ላይ ሆኜ ስለማየው፣ ጀርባውን እንጂ እጁን አላየውም ነበር።

«ላቅናው?» አለኝ። «ምላጩ በኔ እጅ ነው። ቀጥ አድርጌ ባወርደው ቀጥ ይላል።»

ሰውዬው ዕድሜውን ቀጥ ያለ መስመር አስምሮ የኖረ ነው። የቀረበልኝ ትልቅ ነገር እንደሆነ ገብቶኛል።

«አታቅናው» አልኩት። «ተከተለው።»

ተከተለው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ሁሉ እንደዚያ ነው የሠራው፤ ጠርዙ ሲወላገድ እየተወላገደ፣ ሲመለስ እየተመለሰ። ከቀጥታው ይልቅ ይኸኛው አላበው። አንድ ጊዜ «ይሄ ደህና ቀን ነበር» አለ፤ ቢከሩ ጋ ጠርዙ ጸድቶ ሲያገኘው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ምላጩን አንሥቶ እጁን አራገፈና ቀጠለ። እማማ ሳያዩ የሚሰሙ ይመስል ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ተቀምጠዋል።

ሲያልቅ ወደ ኋላ ራቅ አልን። ሣጥን፣ ፍላስክ፣ ቢከር፣ ሲሊንደር፤ ጥላዎቻቸው በአንድ አቅጣጫ ተኝተው። ከሌሎቹ ሥዕሎቹ ይልቅ ዕቃዎቹ ተራርቀዋል። በፍላስኩና በሲሊንደሩ መሐል የተተወው ባዶ ቦታ ራሱ እንደ ዕቃ ቆሟል፤ ጠርዝ አለው፣ ክብደት አለው። ሥዕሉ አልቋል፤ ከፕላስተሩ በቀር የቀረው ሥራ አልነበረም። የጎደለው የሲሊንደሩ ግራ ጠርዝ ላይ የተላጠችው ጣት የምታህል ቦታ ብቻ ናት። እዚያ ጋ ነጭ ሸራው ይታያል።

የአዳራሹ ኃላፊ ከሰዓት በኋላ ከመኪናው ጋር መጣች። ሾፌሩን ታች ትታ ወጣች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ቀረብ ብላ የተላጠችውን አየች።

«ይሄስ?»

«ዛሬ ጠዋት ነው» አላት ማስመሪያ። «እኔ ነኝ። ዘይት መስሎኝ አሙቄው።»

«ዘይት አይደለም እንዴ? በመግለጫ ካርዱ ላይ የዘይት ቀለም ብለን አሳትመናል።»

ማስመሪያ እኔን አየኝ። እኔ አፌን ስከፍት እማማ ቀደሙ።

«አክሪሊክ ነው» አሉ። ቃሉን ከዚያ ቀን በፊት አፋቸው ውስጥ አስገብተውት አያውቁም። «ታሞ ስለነበር ሽታው አይስማማውም። አክሪሊክ ብለሽ አሳትሚ፣ ልጄ።»

ልጅቷ ሦስታችንንም በየተራ አየች። ጉዳዩ ገባት፤ ወይም የገባት መሰላት። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እንግዲያው እባክዎ ይቺን አይንኳት» አለችኝ። «እንደተላጠች ትታይ። ሰው ፊቷ ይቆማል። ታሪክ አላት።»

«እሱ ታሪክ አልሳለም» አልኳት። «ሲሊንደር ነው የሳለው። የሲሊንደሩ ጠርዝ ደግሞ ተቆርጧል።»

«ግን እኮ…»

«ይሞላል።»

ከአንሶላው መሳቢያ ሥር ቱቦዎቹን አወጣሁ። ማስመሪያ ሰማያዊውን ተቀብሎ ክዳኑን ሲከፍት አሸተተው። ምንም አይሸትም። ትንሽ ጨምቆ፣ ነጭና ጥቂት ጥቁር ጨምሮ በጠበጠ፤ በወረቀት ቁራጭ ላይ ሞከረ፣ አልወደደውም፣ እንደገና በጠበጠ። ቀለሙን ሲያገኘው እኔም አወቅኩት። ከዚያ አዲስ ፕላስተር ቆርጦ ይዞ ሸራው ፊት ቆመና ዞረ።

«እንደሱ ልለጥፈው ወይስ ቀጥ ላድርገው?» አለኝ። «ከላይም ከታችም ያለው ይወላገዳል። ከፈለግሽ አስመስዬ አገናኘዋለሁ፤ ማንም አይለየውም። ቀጥ ካደረግኩት ግን የሚያውቅ ሰው ያያታል።»

ጠዋት ተከተለው ያልኩት የባለቤቴን እጅ ነበር። ይቺን ጣት የምታህል ቦታ ግን እሱ አልሠራትም። እኔ ዝም ባልኩበት ጊዜ ነው የሄደችው፤ አሁን የሚሠራት ሌላ ሰው ነው። የሰውን መንቀጥቀጥ አስመስሎ መሳል ደግ አልመሰለኝም።

«አንተ እንደምታሰምረው» አልኩት። «ቀጥ አድርጋት።»

ለጠፈ። በሁለት ምት ቀባው። ወዲያው፣ ሳይደርቅ፣ ፕላስተሩን አነሣ። ብሩሹን አጥቦ ሳይጨርስ ቀለሙ ደረቀ።

«ይሄ ቀለም ሐሳብ አያስጨርስም» አለ። «እንዴት ቻለው?»

እማማ ከወንበራቸው ተነሥተው ሸራው ድረስ ሄዱ። ከአፍንጫቸው የማይርቅ ቦታ ላይ ቆመው ሲሊንደሩን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«የቱ ጋ ነው የላጥከው?»

«ይቺ ጋ፣ እማማ።»

«ቀጥ ያለችው?»

«አዎ፣ ቀጥ ያለችው።»

«ታስታውቃለች» አሉ እማማ።

ማስመሪያ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ልጅቷ በመስኮት ሾፌሩን ጠራችው። ሸራውን በንጹሕ አንሶላ ጠቅልለን፣ አንዱን ዳር ማስመሪያ ይዞ አንዱን እኔ፣ ደረጃውን ወረድን።